የሠርጉ ፊልምና የአባቴ ሙግት

አባቴ ስልክ የሚያነጋግሩት ቆመው ነው። ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ የተከናነቡትን የበግ ፀጉር ባና ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ ያደገድጋሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው «አቤት» የሚሉት። ይህን ሥርዓት ቤታቸው ውስጥ ቢፈጽሙት አንድ ነገር ነው። መንደራችን ግን ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በሚያወጣው መንገድ ላይ ስለሆነ ኔትወርክ የሚገኘው ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ነፋሱ ፊት ይልጣል። እሳቸው ግን ንጉሥ ያስጠራቸው ይመስል ራሳቸውን ገልጠው ይቆማሉ።

አንድ ቀን ጠዋት አብሬያቸው ወጥቼ ቁጥሩን በስልካቸው መታሁና ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ሰጠኋቸው። ብዙ ከጮኸ በኋላ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ። የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ለስላሳ፣ የከተማ።

«ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው።»

«እግዜር ያክብርሽ፣ ልጄ» አሉ አባቴ ጎንበስ ብለው።

«በአሁኑ ሰዓት ሁሉም ሠራተኞቻችን ሌሎች ደንበኞችን በማስተናገድ ላይ ናቸው። እባክዎ መስመሩ ላይ ይቆዩ።»

«ኧረ የለም! እንግዳ ጥለው እኔን አያነጋግሩ። ቆይቼ እደውላለሁ» አሉና ስልኩን ዘግተው መለሱልኝ።

ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ያን መስመር ለማግኘት ረፋዱን ሙሉ ብርድ ላይ ቆመን ጣቶቻችን ደንዝዘዋል። እኔ ቁጡ ነኝ። መሐል ሜዳ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ገና በኮቴዬ የቁጣዬን ልክ ይለያሉ ይባላል። ይህን ቁጣ ከማን እንደወረስኩት አላውቅም። ከአባቴ እንዳልሆነ ግን ያ ዓመት በደንብ አሳይቶኛል።

የምንደውለው ስለ አንድ ዲስክ ነው። ከኮምፒውተር ጋር በገመድ የሚያያዝ፣ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ዕቃ ነው። ውስጡ የታናሽ እኅቴ የሠርግ ፊልም ነበረበት። አባቴ ግን ሠርጉ አይደለም ያጓጓቸው። ከዚያ ሁሉ ጭፈራና እልልታ መካከል እናቴ የተናገረችው አንድ ንግግር ነበር፤ ስለ እሳቸው የተናገረችው። ያን ንግግር ዳሱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። እሳቸው ግን አልሰሙትም።

ነገሩን ከሥሩ ላውራው።

እናቴን አንቺ፣ አባቴን እርስዎ እያልኩ ነው ያደግሁት። እናቴም እሳቸውን እርስዎ ትላለች፤ ግን አባባሏ ለየት ያለ ነበር፤ አክብሮቱም ሹፈቱም አንድ ላይ ነው የሚወጣው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጉልበቷ ከዳት። ተቀምጣ መነሳት አትችልም፤ ከተነሳች ግን ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ትንሽ ትራመዳለች። ጠዋት ጠዋት አባቴ ክንዳቸውን በብብቷ ሥር አስገብተው «በስመ አብ» ብለው ያነሷትና ፀሐይ ከሚያርፍበት መደብ ላይ ያስቀምጧታል። ቅዳሜ ከከተማ መጥቼ እኔ ላንሳት ስል «ተይኝ፣ አንቺ አታውቂበትም፤ እሳቸው ይምጡ» ትለኛለች። አባቴ ለሽምግልና ወጥተው ቢውሉ፣ ከእኔም ከጎረቤትም እጅ አትቀበልም፤ እስኪመጡ እዚያው ተቀምጣ ትጠብቃለች። መስቀል ይዘው የሚመጡትን የነፍስ አባቷን እንኳ ተቀምጣ ነበር የምትሳለመው። ቄሱ ጎንበስ ይሉላታል እንጂ እሷ አትነሳም።

አባቴ ገበሬ ናቸው፣ በግም ያረባሉ፤ የአገሩ ሰው የሚያውቃቸው ግን በነገር አዋቂነታቸው ነው። ወሰን የተጋፋ፣ ከሚስቱ የተኳረፈ፣ በበግ የተካሰሰ ሁሉ ደጃችን ይመጣል። በመንዝ ሙግት እንደ እርሻ ነው፤ የሚያውቀው ያውቅበታል፣ የማያውቀው ማሳው ጦም ያድራል። አባቴ ያውቁበታል። ታዲያ ይኸው ማወቃቸው ነው በሠርጉ ቀን ያስቀጣቸው።

ሠርጉ በጥር ነበር። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሎ፣ መካከሉ ላይ ወፍራም ምሰሶ ቆሞ፣ ከከተማ በኪራይ የመጣ ካሜራማን ወዲያ ወዲህ ይላል። ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ አንድ የአባቴ ዘመድ «ከልጆች ጋር አስቀመጣችሁኝ» ብሎ አኮረፈና ዱላውን አንስቶ ወጣ። እንዲህ ያለ ሰው በየሠርጉ አይጠፋም። የሌላ ሰው ሠርግ ቢሆን አባቴ ሌላ ሽማግሌ ይልኩ ነበር። በራሳቸው ልጅ ሠርግ ላይ ግን ኩርፊያ እያዩ መቀመጥ አልሆነላቸውም፤ ተከትለውት ወጡ።

እሳቸው መንገድ ላይ ሲለማመጡ፣ ዳሱ ውስጥ ምርቃት ተጀመረ። «እናት ይናገሩ» ተባለ። እናቴም ተናገረች። እኔ ጓዳ ሆኜ ዕቃ እያሳጠብኩ ስለነበር የሰማሁት መጀመሪያ ሳቅ፣ ቀጥሎ ዝምታ፣ ከዚያ ጣሪያ የሚያነሳ እልልታ ብቻ ነው። አባቴ ያኮረፈውን ሰው በክንዱ ይዘው ሲመለሱ በር ላይ የቆሙት ሁሉ «አመለጠዎት! አመለጠዎት!» አሏቸው።

ማታውኑ ጠየቋት። «ምን ብለሽ ነው ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያየኝ?»

እናቴ ሳቀች። «ኩርፊያ ሲያሳድዱ ያመለጥዎትን እኔ ምን ላድርግ? አንዴ ብዬዋለሁ፣ አልደግመውም። ፊልሙ ሲመጣ ይሰሙታል።»

ፊልሙ በዲስክ ሆኖ የመጣው ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ነው። በጾም የዘፈን ፊልም ሊታይ ነው እንዴ? ለፋሲካ ይቆይ ተባለ። ፋሲካ ሲመጣ እናቴ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ነበረች። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አረፈች።

ከዚያ በኋላ ማን ይንካው? እኛ ዘንድ ሐዘን ከገባበት ቤት ከበሮና ጭብጨባ ያለበት ነገር አይከፈትም፤ ሙት ዓመቷ ሳይወጣ የሠርግ ፊልም ማየት ሙታንንም ሕያዋንንም መድፈር ነው። ዲስኩ በካርቶኑ እንደታሸገ ከእናቴ ሳጥን ውስጥ፣ ከቀሚሶቿ መካከል ገባ። አባቴ አልፎ አልፎ ሳጥኑን ይከፍቱና አይተውት ይዘጉታል። አንድም ቀን «እንክፈተው» አላሉም። 

ሙት ዓመቷ ወጣ። በማግስቱ ላፕቶፔን ይዤ ገባሁ። አባቴ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ዲስኩን ሰካሁት። ከውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ወጣ፤ ወዲያው ዝም አለ። ነቅዬ ሰካሁት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«ምንድነው የሚቆጥረው?» አሉ አባቴ።

ዲስኩን ትምህርት ቤት ወስጄ ኮምፒውተር ለሚያስተምረው ባልደረባዬ አሳየሁት፤ እሱም ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ። ዲስኩ ወድቆ አያውቅም፣ ውሃ አልነካውም፣ ከሳጥኑ አልወጣም። ከቀሚሶቿ መካከል እንደተኛ ሞተ። ወደ ካሜራማኑ ደወልኩ፤ እሱ ዘንድ የነበረው ቅጂ ከጠፋ ቆይቷል፤ ቦታውን ሌሎች ሠርጎች ይዘውታል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ለካ ይህ ነው።

እኔ ካርቶኑን ልወረውረው ስል አባቴ ከእጄ ተቀበሉኝና «ይህ ጽሕፈት ምን ይላል?» አሉኝ።

«የሁለት ዓመት ዋስትና አለው ይላል።»

ፊታቸው በራ። «ዋስ አለው? ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ዋስ ያለው ነገር እኮ አይጠፋም።»

በእኛ አገር ዋስ የሆነ ሰው ቤቱን ሸጦ ይከፍላል እንጂ አልሰማሁም አይልም። አባቴ ያ ካርቶን ላይ የታተመው ቃል በዚህ ሚዛን የተመዘነ መስሏቸዋል። እኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ያንን ፊት አይቼ እንዴት ልናገር?

ደብረ ብርሃን፣ ዲስኩ ወደተገዛበት ሱቅ አብረን ወረድን። ባለሱቁ ዕቃውን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «አባባ፣ ይሄ እኮ ኦሪጅናል ነው» አለ።

«ልጄ፣ ስለ ዘሩ አልጠየቅሁህም» አሉት አባቴ። «ስለ ጤናው ነው የጠየቅሁህ።»

ባለሱቁ ሳቀና ጉዳዩ የእሱ እንዳልሆነ፣ የአስመጪው እንደሆነ ነገረን፤ የስልክ ቁጥርም ሰጠን። እኔ ደሜ ፈላ። ከባንኮኒው ላይ ተንጠልጥዬ ምን ምን እንዳልኩት አሁን አልደግመውም፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ ያየን ነበር። አባቴ እጄን ያዝ አደረጉና «ነይ እንሂድ። የተቆጣ ሰው አይረታም» አሉኝ። ለባለሱቁም «ደህና ዋል» ብለው ወጡ።

ከዚያ ነው የጉብታው ሙግት የጀመረው።

በሁለተኛው ሙከራችን ያቺው የተቀዳች ሴት መጣች፤ ለዚህ ይህን ይጫኑ፣ ለዚያ ያን ይጫኑ እያለች ታዥጎደጉደዋለች። አባቴ ጣልቃ ለመግባት ሁለት ሦስቴ «እሺ ልጄ፣ ቆዪኝ ልጄ» አሉ። አልሰማ ስትላቸው ቀጥ ብለው ቆሙና፣ በልጅነቴ ዱላ የተማዘዙ ሁለት ሰዎችን መሬት ላይ ሲተክሉበት በሰማሁት ድምፅ፣ «በሕግ አምላክ!» አሉ።

ይህን ቃል የሰማ ሰው እኛ ዘንድ ይቆማል። የሚሮጥ ቢሆን እግሩን ይገታል፣ ዱላ ያነሳ ቢሆን ያወርዳል። የማይቆም ሰው ገና ነገሩ ሳይሰማ ጥፋተኛ ነው።

«ወደ ዋናው ዝርዝር ለመመለስ ኮከብን ይጫኑ» አለች ሴትዮዋ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ከልባቸው ደንግጠዋል። «አልቆመችም» አሉኝ።

ማሽን መሆኗን ስነግራቸው በጣም አሰቡ። «የሰው ድምፅ ሰጥተው ጆሮ ነሷት? ምን ያለ ጭካኔ ነው!» አሉ። አዘኑላት እንጂ አልተናደዱም።

በስንት ድካም አንዲት እውነተኛ ልጅ ተገኘች። ድምፅዋ ወጣት ነው፤ የደከማት ትመስላለች። አባቴ ነገሩን ከሥሩ ጀመሩላት፤ ሠርጉን፣ ያኮረፈውን ሰው፣ የእናቴን ጉልበት፣ ሙት ዓመቱን። እኔ ጥርሴን ነክሼ «የዲስኩን ቁጥር ብቻ ይንገሯት» እላለሁ። ልጅቷ ግን አላቋረጠቻቸውም፤ ለዚህ ሁልጊዜ አመሰግናታለሁ። ሲጨርሱ፣ ከወረቀት እንደምታነብ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «አባባ፣ ዲስኩን ፎርማት ቢያደርጉት ይሠራ ይሆናል» አለች።

«ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

«በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ማለት ነው።»

«ልጄ» አሏት፣ ረጋ ብለው፣ «የታመመ ሰው ይዤልሽ መጥቼ ቅበረውና ይሻለዋል አልሽኝ እኮ።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀች። ለሚመለከተው ክፍል አሳውቃ እንደምትደውል ነገረቻቸው። «መቼ?» አሏት። «በቅርቡ» አለች።

እኔ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያለቀ መሰለኝ። «በቅርቡ» ምን ማለት እንደሆነ የከተማ ሰው ያውቃል። አባቴ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት በጎቹ ከወጡ በኋላ ጉብታው ላይ ወጥተው ይቀመጣሉ። ስልካቸውን ድንጋይ ላይ ያስቀምጡትና ያዩታል። ጭጋግ ሲወርድ ከታች ሆኜ የማየው የባናቸውን ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ጎረቤቶች «ምን ይጠብቃሉ?» ሲሏቸው «ቃል የሰጠችኝ ልጅ አለች» ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ ትዕግሥቴ አለቀ። «አባባ፣ ይህ እኮ ለሁሉም የሚሉት ነው!»

«ለሁሉም ያለችው ከሆነማ የባሰ ጠንካራ ቃል ነው፤ ለአንድ ሰው የገቡት ይረሳል» አሉኝ።

እሳቸው ሳያውቁ እኔም ከትምህርት ቤት እደውል ነበር። በእያንዳንዱ ጥሪ ሌላ ሰው ያነሳል፤ ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ አወራለሁ፤ እያንዳንዱ «አጥፍተው አብርተው ሞክረዋል?» ይለኛል።  ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ከመጮኼ በፊት ሁልጊዜ የምትመጣው ያቺው የተቀዳች ሴት ደግሞ «ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ንግግርዎ ይቀዳል» ትለኛለች። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ግራ ገባቸው። «የእኔን ልፍለፋ የሚያኖሩበት ዕቃ ካላቸው፣ ለእኛ ለምን ያንን አልሸጡልንም?» አሉ። 

በልጅነቴ የአባቴ ሙግት ያሰለቸኝ ነበር። ሰው ሁሉ በአንድ ቃል የሚጨርሰውን ነገር እሳቸው አንድ ወቅት ሙሉ ሲያብላሉት፣ የእኛ ቤት እራት ሁልጊዜ በሰው ነገር ይቀዘቅዛል። በዚያ ዓመት ግን ከታች ሆኜ ጉብታው ላይ ሳያቸው ምን ዓይነት ሰው እንደወለደኝ ገባኝ። ድርጅቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል፣ ባለሱቁ ስቆብናል፣ እኔ ራሴ ተስፋ ቆርጫለሁ። እሳቸው ግን እዚያ ማዶ ስሟን እንኳ የማያውቋትን አንዲት ልጅ እንደ ሰው ቆጥረው ይጠብቃሉ። ኮራሁባቸው። ከዚያም በላይ ወደድኳቸው።

ሰው ሲቸገሩ አይቶ ዝም አላለም። ዳሱ ውስጥ የነበሩት «እኛ እንንገርዎት» አሏቸው። በመጀመሪያ እኅቴ ከምትኖርበት ዓለም ከተማ ደወለችላቸው። እናቴ «ልጄ፣ እንደ አባትሽ ያለ ግትር ይስጥሽ፤ ግትር ሰው ጥሎ አይሄድም» ብላ መመረቋን ነገረቻቸው። የአባቴ እኅት፣ አክስቴ፣ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «ግትር የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም! 'እኒህ ሰውዬ የሰው ጠብ ሲያበርዱ የእኔን እሳት ረሱት' ብላ ነው ሰውን ያሳቀችው፤ ከዚያ በኋላ ያለው በእልልታው አልተሰማኝም» አለች። የነፍስ አባታችን ደግሞ ንግግሯን ወደ ስብከት ለወጡት፤ ስለ አብርሃምና ሣራ ተናግራለች አሉ። እናቴ ስለ አብርሃም ስትናገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

አባቴ ሦስቱንም በጥሞና ሰምተው «ምስክሮቹ ተለያይተዋል፤ አልቀበልም። ዲስኩ ራሱ ይናገር» አሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ስልኩ ጮኸ። እኔ አልነበርኩም፤ ጎረቤት ነው ያወራልኝ። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ባናቸውን አደግድገው «አቤት» አሉ። ያቺው ልጅ ናት። ዲስኩን ላኩልን አለቻቸው። ቅዳሜ ስመጣ ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ «አላልኩሽም?» ከማለት በቀር ምንም አልጨመሩም።

ዲስኩን በእናቴ ሻሽ ጠቅልለው፣ በካርቶኑ አድርገው፣ በአውቶቡስ ሰው አደራ ብለው ሰደዱት። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብለው ነው ያስረከቡት። ክረምቱ አለፈ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከደብረ ብርሃን ዕቃ መጣላችሁ ተባልን። ስከፍተው የሚያብለጨልጭ አዲስ ዲስክ ነው። ሰካሁት። ቀጭ የሚል ድምፅ የለም፤ ጸጥ ብሎ ተከፈተ። ውስጡ ባዶ ነው። ሻሹም የለም።

ያኔ ጉብታው ላይ የወጣሁት በሩጫ ነው። አንድ ሰውዬ አነሳ። አሮጌው ዲስክ የት ነው አልኩት። «በአሠራራችን መሠረት የተቀየረ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። በውስጡ የነበረውስ? «ዋስትናው ዕቃውን እንጂ ይዘቱን አይመለከትም።» ዕንባዬ መጣ፤ የምናገረውን አላውቅም፤ ስልኩን ገደል ልወረውረው ስል አባቴ ከኋላዬ ደርሰው ያዙኝ።

በሌላ ቀን ልጅቷ ራሷ ደወለች። ያን ጊዜ አብሬያቸው ነበርኩ። ድምፅዋ እንደ መጀመሪያው ከወረቀት የሚነበብ አልነበረም። ዕቃ ቤት ወርዳ እንደፈለገችው፣ እንደተወገደ፣ አሁን ማንም ምንም ሊያደርግ እንደማይችል ነገረቻቸው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ» አለች። ስታለቅስ ሰማኋት።

«አንቺ ምን አጠፋሽ?» አሏት አባቴ። «እደውላለሁ አልሽ፣ ደወልሽ። በአገሩ ሁሉ ቃሉን የጠበቀልኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እግዜር በደረስሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ።» መርቀዋት ዘጉ። እኔ በምርቃቱም ተናደድኩ፤ ሰው እንዴት የናቀውን ደጅ ይመርቃል? ቁልቁለቱን ስንወርድ ግን ክንዴን ያዙኝ። ከዚያ በፊት ክንዴን ይዘው አያውቁም። «ተረታሁ» አሉኝ። ከአፋቸው ይህን ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሰው ሲካሰስ «ሌላ ፈልጉ» ማለት ጀመሩ። ጠዋት በጎቹ ከወጡ በኋላ መደቡ ላይ፣ የእናቴን ቦታ ክፍት ትተው፣ ጫፉ ላይ ይቀመጣሉ።

የደብራችን ንግሥ ደረሰና እኅቴ ከባሏ ቤት መጣች። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አክስቴም፣ የነፍስ አባታችንም አብረውን ወደ ቤት ገቡ። ጠላ እየተቀዳ ሳለ አባቴ ድንገት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያንን አጠራረግ አውቀዋለሁ፤ ችሎት ሊከፍቱ ነው።

«ምን አለች ብዬ አልጠይቃችሁም» አሉ። «እሱን ጠይቄ ሦስት ቦታ ተከፍላችሁብኛል። ሌላ ነገር ነው የምጠይቃችሁ፤ ተራ በተራ መልሱልኝ። ስትናገር ተቀምጣ ነበር ወይስ ቆማ?»

እኅቴ ገረማት። «ቆማ ነዋ።»

አባቴ ወደ አክስቴ ዞሩ። «ቆማ ነው» አለች። «እኔ እንዲያውም ትወድቃለች ብዬ ብድግ ብዬ ነበር።»

«አባታችን?»

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው አሰቡ። «ቆማ ነበረች» አሉ። «በዚያ ላይ ለእኔ መስቀል ያልተነሳች ሴት ብዬ በልቤ ቅር እንዳለኝ አልደብቅም።»

 የአባቴ እጅ ብርጭቆው ላይ ቀርቷል።

«ማን አነሳት?»

«ማንም» አለች እኅቴ።

«እንዴት ማንም? እኔ እዚያ የለሁ!»

«እኔ ላነሳት ብብቷን ስይዝ እጄን መታችኝ» አለች አክስቴ። «'ተይኝ፣ ዛሬስ ለእሳቸው ራሴ ነው የምነሳው' አለችና ምሰሶውን በሁለት እጇ ይዛ ተነሳች። ፊቷ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ይኸኛውን እንኳ አልሳሳትም፤ እጄን አሞኛል።»

አባቴ ወደ እኅቴ፣ ወደ ቄሱ አዩ። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ምስክሮቹ ሁሉ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ እኔም አባቴ አንድ ዓመት ሙሉ የተሟገቱለት ነገር በመጨረሻ እንደተፈረደላቸው አወቅሁ። እናቴ በሕይወቷ መጨረሻ አንድ ቀን ብቻ ያለ እሳቸው ክንድ ቆማለች፤ የቆመችውም ለእሳቸው ነው።

«እንግዲህ ቃሉ ይቅር» አሉ ቀስ ብለው። «ከቆመችልኝ ይበቃኛል።»

አዲሱ ዲስክ አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ የተማሪዎቼን ፈተና አስቀምጥበታለሁ፣ ስለማላምነው ግን ሁሉንም ሌላ ቦታ ደግሜ እይዛለሁ። አባቴም ሰው ማስታረቅ እንደገና ጀምረዋል። በዚያ የንግሥ ቀን ግን ከሁላችን ቀድመው ተነሱና እኅቴን «ምሰሶው የት ላይ ነበር?» አሏት። ይዛቸው ወጣች። ዳሱ የነበረበት ቦታ ሣር በቅሎበታል፤ ምሰሶው የተተከለበት ጉድጓድ ተደፍኖ ትንሽ ዝቅ ብሏል። በእግሯ አሳየቻቸውና ተመለሰች።

እኛ በር ላይ ቆመን አየናቸው። አባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ባናቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አደገደጉ። ከዚያ ወደዚያች ዝቅ ያለች ቦታ ጎንበስ ብለው «አቤት» አሉ።